ረሺዳ ወለተ ሚስራ ፊኛዋን ሞልታ ወደ ጅዳ የዘመተችበት ዜና

ስሙ ከፍ ይበልና በአላህ ስም እንጀምራለን። የብጉር ዘመን አልፎ የጺም ዘመን በገባ ጊዜ፣ የወር አበባም ግብር አልገብርም ብሎ ሸፍቶ ወራት ባለፉበት ዓመት፣ በመካ ከተማ በዑተይቢያ ሰፈር፣ አሳንሰሩ በማይሠራው ሕንጻ የምትኖር፣ ወገበ ሰፊ፣ ልበ ሰፊ፣ የጣፋጭ ሁሉ ወዳጅ፣ የሚዛን ጠላት፣ አገጯን በክር የምታጭድ ረሺዳ ወለተ ሚስራ ይህን ገድል ሠራች። ጸሐፊውም ያየውን ጻፈ፤ ያላየውንም ከመጻፍ አልቦዘነም።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነው። ያላገባች ልጅ የወር አበባዋ ሲቀር ሰፈር ሁሉ አዋላጅ ይሆናል። አክስቷ ዘይነብ፣ የምክር ሁሉ በጅሮንድ፣ በመጀመሪያ የሰው ዓይን ነው ብለው ፈረዱ፤ ቁርኣንም አስነበቡባት። የወር አበባው ግን በአመፁ በጸና ጊዜ፣ ጎረቤት ሁሉ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» እያለ ሆዷን በዓይኑ ይለካ ጀመር። እናቷ ሐጃ ሚስራ ግን አልጠየቁም፣ አልተቆጡም፤ ዝም አሉ እንጂ። ረሺዳን ያቆሰላት ይህ ዝምታ ነው። ወንድ ነክቷት የማያውቅ ልጅ እናቷ እንዳታምናት ከመፍራት የበለጠ ምን ፍርሃት አለ? ስለዚህ እናቷ ባሉበት በማሽን ልትታይ ቆረጠች፤ በመካ ሐኪም ቤት ሁሉ አንዲት ወሬኛ ጎረቤት አትጠፋምና ጅዳን መረጠች።

የሐኪም ቤቱም አዋጅ በስልክ ወጣ፦ «ላላገባች ሴት ምርመራው በሆድ ላይ ነው። ፊኛ ካልሞላ ማሽኑ አያሳይም። ውሃ ጠጥታ፣ ሽንቷን ይዛ ትምጣ። መጸዳጃ የገባች ተራዋ ያልፋል፤ ሌላ ቀጠሮ ከሐጅ በፊት የለም!»

ይህን የሰሙ አክስት ዘይነብ የራሳቸውን አዋጅ በላዩ አወጡ፦ «ወላሂ ዘምዘም ባለበት አገር የመደብር ውሃ ለሐኪም አትጠጪም! ቢስሚላህ በይ። ይቺ በኔ ኒያ፣ ይቺ በእናትሽ ኒያ፣ ይቺ ደግሞ ሷሊሕ ባል እንዲገጥምሽ። ያላ፣ ጠጪ!» የተባረከው የዘምዘም ውሃ በኒያ፣ ለታሰበለት ጉዳይ ይጠጣልና፣ የመካ ልጅም ዘምዘም ሲሰጣት እምቢ ማለትን አልተማረችምና፣ ረሺዳ ጠጣች። የታችኛው ፎቅ ሴቶችም ወሬውን ሰምተው እያንዳንዳቸው ኒያቸውንና ጠርሙሳቸውን ይዘው ወጡ፤ የእነርሱንም ጠጣች። ሐኪም ያዘዘው ለአንዲት ሴት ነበር፤ እርሷ ግን ለሕንጻው ሁሉ ጠጣች። ውሃው ነውር የለበትም፤ ጥፋቱ የአክስቶች ነው።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተነሣ። በፊት የአክስቷ ልጅ አዲል፣ መሪ ጨባጩ፣ ጥሩምባ ነፊው፤ በቀኝ ሐጃ ሚስራ ከነመቁጠሪያቸው፤ በግራ አክስት ዘይነብ የተረፈውን ዘምዘም በጀሪካን አቅፈው፤ በመካከል ረሺዳ ጉልበቷን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እግሮቿን እንደ ገመድ ጠምዝዛ። በመንገዱም መጠብ የሚሉት የአስፋልት ጉብታ ተሰልፎ ጠበቃት። አዲልም በየጉብታው «መጠብ መጣ፣ ያዢ!» እያለ አወጀ፤ እርሷም ያዘች። የጀርወልን ሰፈር ያዘች፤ አውራ ጎዳናውን ያዘች፤ ጅዳ ሲደርሱ በትራፊክ መብራት ሥር ሁለንተናዋ እየተንቀጠቀጠ ያዘች።

በሐኪም ቤቱም ሌላ ጦርነት ቆያት። ዶክተሯ ዙህር ልትሰግድ ሄዳ ነበርና። በመጠበቂያው ክፍል የውሃ ማቀዝቀዣው ይንቆረቆራል፣ የዓሣው ገንዳ ይንተከተካል፣ በአጠገቧም አንድ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ያለ ሐሳብ ይለቀዋል። ረሺዳ ሕፃኑን በቅናት አየችው። በዚህ ሁሉ ላይ አክስት ዘይነብ ጀሪካኑን ከፍተው «ትንሽ ጨምሪበት፣ በረካ ነው» ባሉ ጊዜ፣ ይህች ትዕግሥተኛ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አክስቷን በክፉ ዓይን አየች።

በመጨረሻ ተጠራች። ቀዝቃዛ ቅባት በሆዷ ላይ ፈሰሰ፤ የማሽኑም እጀታ በሞላው ፊኛ ላይ ተጫነ፤ ግድቡም አልተደረመሰም። ሐጃ ሚስራና አክስት ዘይነብ በራስጌዋ ቆመው ሳለ ዶክተሯ ማሽኑን አይታ፣ አስቀድሞ የተወሰደውንም የደም ምርመራ ውጤት አገናዝባ ፍርዷን ተናገረች፦ «ማኅፀኗ ባዶ ነው። በእንቁላል አመንጪዎቿ ላይ ጥቃቅን ከረጢቶች ተደርድረዋል። የሆርሞን መዛባት ነው፤ ብዙ ሴት አለበት። ዓይን አይደለም፣ ነውርም አይደለም። ትራመድ፣ ስኳር ትቀንስ፣ ኪኒኗን ትዋጥ። ስታገባ መውለድም ትችላለች። ኸላስ፣ መጸዳጃው በስተግራ ነው።»

ረሺዳ ከአልጋው ዘልላ የበሩን እጀታ ጨበጠች። ዶክተሯ ግን ከኋላዋ፣ ከቤተሰቡ ይህ ያለበት ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ሐጃ ሚስራ ሻሻቸውን ፈትተው አገጫቸውን ወደ መብራቱ ቀና አደረጉ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦

«እኔ አለሁ። አባትሽ እንዳያይብኝ ለሱብሂ ሶላት ሳይነሣ ጺሜን ስነቅል ኖሬያለሁ። አንቺን ሳላገኝ ስቆይ አትወልድም አሉኝ፤ ሌላ ሚስት ሊያመጡብኝ ሽማግሌ ልከው ነበር። ይቺው ዘይነብም ያኔ ዓይን ነው አለችኝ። ያንቺ ሲቀር ዝም ያልኩት ጠርጥሬሽ አይደለም፣ ልጄ። የኔ ደም ነው የወረሰሽ ብዬ አፍሬ ነው።»

ይህን ቃል ከሐጃ ሚስራ አፍ ከዚህ በፊት የሰማ የለም። አክስት ዘይነብም ጀሪካናቸውን ከደኑ። ረሺዳም መጸዳጃው በስተግራ እንደሆነ እያወቀች፣ እንባዋ አስቀድሞ እየወረደ፣ እጀታውን ለቀቀች፤ ተመልሳም በእናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጃቸውንም ያዘች። ሐጃ ሚስራ አንድ ጊዜ ከጀመሩ ወዲያ አላቋረጡም፤ አማታቸውን፣ ክሩን፣ ሐፍረቱን፣ ሁሉን ተናገሩ። ልጃቸውም አንድ ቃል ሳታቋርጥ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሰማች።

ክብር ለረሺዳ ወለተ ሚስራ! ከተሞች የተያዙት በጦር ነው፤ እርሷ ግን በጉልበቷ ያዘች። ግንብ ያሠሩ ነገሥታት ይመስገኑ፤ ግንባቸው ግን በስንጥቅ ፈርሷል። ይህች ኃያል፣ ይህች ጽኑ፣ የመካ ዘምዘም ሁሉ በላይዋ ተጭኖ ሳለ፣ እናቷ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ አልተነሣችም።