ሲራ በመሪጌታ ቤት

ትናንት የሰማውን ዛሬ ካላስተማረ እህል የማይወርድለት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሌላው ከተማ የትኛው ዓይነት እንደደረሰው አላውቅም፤ ለእኛ ለዳባቶች የደረሰን ግን ሊቀ ሊቃውንት ዘወይን፣ ክቡር እንዳለው የሚባል ሰው ነው።

ይህ እንዳለው ኮሶዬ በሚባለው ቦታ አንድ ሎጅ ውስጥ አስተናጋጅ ነው። ጎንደር ወርዶ ስለ ወይን አጭር ሥልጠና ወሰደና ሲራ የሚባል የቀይ ወይን ዘር አፍቅሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም። ሠርግ ቤት ጠላ ሲቀዱለት ጣሳውን እያሽከረከረ አፍንጫውን ይነክራል። ለቅሶ ቤት ውኃ ቢሰጡት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲመረምር፣ ለቀስተኛው ቆሻሻ የገባ መስሎት የየራሱን ብርጭቆ ማየት ጀመረ።

እኔ ጎረቤቱ በመሆኔ ዋናው ደቀ መዝሙር ነኝ። እንግዳ ያስተረፈውን ጠርሙስ ይዞ ይመጣና ይቀዳልኛል።

«ጋሼ፣ ምን ይሸትዎታል?»

«ወይን።»

«አይቸኩሉ እንጂ! ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ አይልም?»

«ማን ጨመረበት?»

«ማንም። ከዘሩ ነው።»

ደግሜ አሸተትኩ፤ ምንም የለም። ስቀምሰው ምላሴን ጨመደደው። «ኧረ ይህ ተበላሽቷል» ስለው፣ የማይጣፍጠው ስኳሩ በሙሉ ወደ አልኮል ስለተለወጠ እንደሆነ፣ ክብሩም እዚያ ላይ እንደሆነ አስረዳኝ። እንጆሪ ይፈልጉ አለኝ፤ ፈለግሁ። ቀጥሎ የተጨሰ ሥጋ ይፈልጉ ሲለኝ ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝና ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ጽጌሬዳን ሊያገባ ሽማግሌ አድርጎ እስኪልከኝ ድረስ። ጽጌሬዳ የመሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ልጅ ናት። መሪጌታ አንዴ እምቢ ካሉ የሚመልሳቸው የለም፤ እንዳለው ደግሞ ያለ ጽጌሬዳ የሚኖር አይመስልም። እንግዲህ ጠጅ ይዞ መላክ ሲገባው ሲራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አስታቀፈኝ። «እንዳስተማርኩዎት ያስረዱልኝ» ብሎ ራሱ መንገድ ዳር ቀረ።

ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገባንና እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። ተቀመጡ ካሉን ፈቅደዋል፤ ካላሉን ወደ መጣንበት ነው። መሪጌታ ጠርሙሱን ትኩር ብለው አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሲራ ነው፣ መሪጌታ። ቁንዶ በርበሬ አለው፤ ግን ማንም አልጨመረበትም። እንጆሪም አለው፤ እሱም አልገባበትም።»

«ታዲያ ያለበት ምኑ ነው?»

እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነው የኖርኩት።

«እኛ ዘቢብ ዘፍዝፈን ስንጨምቅ ኖረናል፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን አልሰማንም። በሉ፣ መጠጥ ያመጣ አስቀድሞ ይቀምሳል። ባለቤቱን ጥሩት» አሉ።

እሱ እስኪጠራ ወይዘሮ ፀጋ፣ የጽጌሬዳ እናት፣ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። በመጋረጃው ክፍተት አየኋቸው። ወይኑን ወደ ማሰሮ ገልብጠው በጣታቸው ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ። መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ልጁ ሊዋረድ ነው ብለው አዘኑለት መሰለኝ፣ ማር በጭልፋ ዝቀው ጨመሩበትና አማሰሉት። እንዳለው፣ አንድ እንግዳ ሲራ ላይ በረዶ ሲጨምር አይቶ ምሳ ሳይበላ የዋለ ሰው ነው። አሁን «ማን አበላሸው?» ካለ ጉዳያችን አበቃ።

እንዳለው ነጠላውን አስተካክሎ ገባ። ወይዘሮ ፀጋ የቀዱለትን ብርሌ በሁለት እጁ ተቀብሎ አሸተተ። ገባው። ቀና ሲል ወይዘሮ ፀጋ ማር የነካ ጣታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ፈርተው ያዩታል። አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ እስከ አተላው ጨለጠው።

«እንዴት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ ብዙ ሲራ ቀምሻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ከዚህ ቤት በቀር የትም አላገኝም።»

መሪጌታ አስቀድተው ቀመሱ፤ ጢማቸውን ጠረጉ። «ይህ ደህና ነገር አይደለም እንዴ! ታዲያ ምን እንዲህ አስጨነቃችሁን? በሉ ተቀመጡ!»

ሠርጉ ካለፈ ቆየ። ወይዘሮ ፀጋ አማቻቸው በመጣ ቁጥር ማር የተማሰለበት ሲራ ያቀርቡለታል፤ እሱም ብድግ ብሎ ተቀብሎ ይጨልጠዋል። ለእኔ አሁንም ቁንዶ በርበሬው አልሸተተኝም፤ እሱም ማስተማሩን አልተወም፤ እኔም ይህን ሰው መውደዴን መደበቅ አቅቶኛል። ዳባትን በሞላ አርሟል፤ ባለ ባጃጁንም፣ ጠላ ሻጯንም፣ የሐኪም ቤቱን ዘበኛም። ወይዘሮ ፀጋን ግን እስካሁን አላረማቸውም።