ክቡርነታቸውና የካምቢዮ ዘይት

በገዛ ንብረታችሁ ላይ ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ጠብታ የማያስጨምራችሁ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እገባለሁ። የኛው ክቡርነታቸው ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ተናድጄ ነው የሰጠኋቸው።

ክቡርነታቸው በዘይት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ተሳፋሪ የሞላ ታክሲ አስቁመው ኮፈን ሲያስከፍቱ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴ ጎረቤት እራት ጠርታቸው የሰላጣውን ዘይት በሁለት ጣታቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ "ዘይት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ጣሳው ነው" ብለው ሰሃኑን ገፋ አደረጉት። ሴትየዋ እስካሁን ሰላም አትላቸውም።

እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ሞተር ሳይክል ነው። አባቴ የተወልኝ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ የቆየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ፈትቼ ገጠምኩት። እናቴ "አባትህ ከኋላው ያስቀምጠኝ እንደነበረው አንድ ቀን ብቻ አስቀምጠኝ" ብላኝ ቀን ቆርጠናል። የቀረኝ የካምቢዮ ዘይት ብቻ ነበር። ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚሸከሙ የናስ ቀለበቶች አሉ፤ እነሱ ከተበሉ አበቃ፣ መተኪያ የትም አይገኝም።

መለዋወጫ ሻጩ ለሁሉም ይሆናል ብሎ አንድ ቀይ ጣሳ ሰጠኝ። ደረጃው ላይ ክቡርነታቸው ያዙኝ። አስከፈቱ፣ አሹ፣ አሸተቱ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። ይሄ ለከባድ መኪና የተሠራ ነው፣ ውስጡ ያለው የኬሚካል ቅመም ናስ ይበላል አሉ።

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ ሞተሩ የኔ ነው" አልኳቸው።

"ሞተሩማ ያንተ ነው። የአባትህን ካምቢዮ ግን የሚመልስልህ የለም።"

ከዚያ ብርጭቆ አስመጡኝ። ዘይቱን ቀዱበት፣ ከኪሳቸው አንድ የናስ ቁልፍ አውጥተው ከተቱበትና ፀሐይ የሚመታው መስኮቴ ላይ አኖሩት። አሥር ቀን ማንም እንዳይነካው አዘዙ። እኔም የዋዛ እልኸኛ አይደለሁም፤ ገና ዘወር ከማለታቸው የተረፈውን ዘይት ካምቢዮው ውስጥ ገለበጥኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኛቸዋለሁ። እኔን ሊጠብቁ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ፣ ሰላም እንኳ ሳልል አልፋለሁ። እሳቸውም ጋዜጣቸውን ወደ ፊታቸው ጠጋ ያደርጋሉ።

በአሥረኛው ቀን፣ እናቴን ላሳፍር አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ባለቤታቸው ልብስ ሰፊዋ በሬን አንኳኩ።

"የኔ ልጅ፣ ያ ቁልፍ አልበቃውም? የቤታችን ቁልፍ እኮ ነው። ሰውዬው እኔ ከሥራ እስክመለስ አሥር ቀን ደጅ ነው የዋለው። በኔው ቁልፍ ሌላ አስቀርጽ ስለው ነገ ነገ ይለኛል። ላንተ እንዳልነግርህም አስምሎኛል።"

እጄን ብርጭቆው ውስጥ ከትቼ ቁልፉን አወጣሁት። ከሰል መስሏል። በጨርቅ ፈተግኩት፣ ጥቁረቱ ንቅንቅ አላለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወርጄ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታሁና ዘይቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰስኩት። ቀና ስል ክቡርነታቸው ቅመም የሌለበት ዘይት በጣሳ ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። መቼ እንደገዙት አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም "ብዬህ ነበር" አላሉኝም።

በማግስቱ እናቴ ወገቤን ይዛ ስንወጣ በሩ ላይ ቆመው የማርሹን ድምፅ አንድ በአንድ አዳመጡ። አራተኛው ሲገባ በመስታወቱ ሳያቸው አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ እናቴ ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

ሻጩ አሁን ዘይት በጣቴ ሳሽ ሲያየኝ፣ አንተም ክቡርነታቸው ሆንክ ብሎ ይስቅብኛል። አዎ፣ ሆንኩ። በሳቸው መሳቅ ያማረው ካለ ይሳቅ፤ መጀመሪያ ግን ለሰው ካምቢዮ ብሎ የገዛ ቤቱን ቁልፍ ዘይት ውስጥ ይንከርና አሥር ቀን ደጅ ይዋልልኝ።