ባና የለበሰችው መኪናዬ

ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ዓይኑ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። ቀድማ የምታልቀው በሆዱ እሳትና በአፉ መካከል ያለችው መከለያ ናት። በወጣትነቴ ያናደደኝን ሰው ፈገግ ብዬ አሳልፈው ነበር፤ ዛሬ ግን ንግግሩን እስኪጨርስ እንኳ አልታገሥም። መኪናም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ገና ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ሙቀቱን ከሰው እግር የሚከላከለው ሽፋን ቀድሞ ይረግፋል።

መኪናዬን ላስተዋውቃችሁ። ሁለት በር ያላት፣ ቀይ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለች የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ጀርመን አገር አርባ ዓመት ኖሬ፣ ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ከቤት ያልወሰደው እሷንና መጻሕፍቴን ነው። መጻሕፍቱን የተወው ስለማያነብ ነው፤ እሷን የተወው ደግሞ እግሩን ስለምታቃጥለው። ሁለቱንም ይዤ ትውልድ ከተማዬ ንፋስ መውጫ ገባሁ። ጉምሩክ ላይ ያየሁትን ፍዳ ገድለ ሰማዕታት ያነበበ ሰው ይገምተው። አንድ ዘመዴ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ቀሪዋ መቼ ትመጣለች ብሎ ጠየቀኝ።

አገሬ ከገባሁ በኋላ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደብራችን ሰንበቴ አባል መሆን። የሰባ ሁለት ዓመት አሮጊት ነኝ፤ ልጅ የለኝ፣ እህት የለኝ። እዚህ አገር ሰንበቴ የሌለው ሰው በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ብቻውን ይበላል፣ ሲሞት ደግሞ ስሙን የሚያነሣለት የለም። ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ለዚህ መፍትሔ ያለው አንድም አላገኘሁም።

የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም አለቃዋ፣ ጥሩነሽ ናት። አብረን ፊደል ቆጥረናል፤ እኔ ቀድሜ መጨረሴን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። ከፈረንጅ አገር የመጣች ሴት መጾሟን ማን ያውቃል የሚል ሐሜት እንዳለ፣ እሷ ራሷ እንዳልጀመረችው ሁሉ አዝና ነገረችኝ። ለማንኛውም በዐቢይ ጾሙ እኩሌታ፣ ለደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተሽ አባላቱ ፊት ቅረቢ አለችኝ።

ደብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። በመኪና ካልሆነ አልደርስም፤ መኪናዋ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የጫማዬን ሶል አቅልጣዋለች። እናም ወደ ሰይድ ሄድኩ። ሰይድ ከገበያው ጀርባ ጋራዥ ያለው፣ ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚሠራ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ያረጀውን የሙቀት መከለያ ሲነካው እንደ ደረቅ ቂጣ እጁ ላይ ተፈረፈረ። ምትኩ ደብረ ታቦርም አዲስ አበባም እንደማይገኝ ነገረኝ። ትንሽ አሰበና፣ በሁለት ስስ ቆርቆሮ መካከል ባና፣ ያንን ለብርድ የምንደርበውን የበግ ጠጉር ልብስ፣ እናድርግበት አለ።

መጀመሪያ ሳቅሁበት። በኋላ ግን የበግ ጠጉር ቶሎ እንደማይነድ ማንበቤ ትዝ አለኝ። ደግሞስ የጋይንትን ብርድ የቻለ ባና የሞተር ሙቀት ያቅተዋል? ከገበያ ወፍራም ጥቁር ባና ገዛሁ። ችግሩ የመጣው ሰይድ መቀስ ሲያነሣ ነው። ሙሉ ባና ይቆረጣል እንዴ? እናቴ ብታይ ለቅሶ ትቀመጥ ነበር። አራት አድርገህ እጠፈውና ክተተው አልኩት። እሱ ግን ጠርዙ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ጋር እንዳይነካካ የአንድ ጣት ክፍተት ያስፈልጋል አለ። የመኪናዋን መመሪያ አውጥቼ አንድ ገጽ ሙሉ በጀርመንኛ አነበብኩለት። በአክብሮት አዳመጠኝ። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«እትዬ፣ መጽሐፉ ስለ ባና ይላል?»

የተማረ ሰው እንዲህ ላለው ጥያቄ አይመልስም። ክተተው አልኩት፤ ከተተው።

እሑድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። ለስንት ዘመን ያልቀመስኩት ደስታ ነው፤ እግሬ ቀዝቅዞ፣ መሪውን በሁለት ጣት ይዤ፣ የገብሱን ማሳ ግራና ቀኝ እያየሁ ስጓዝ ባሌን እንኳ ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲግል ግን አንድ ሽታ መጣ። ሽታውን ታውቁታላችሁ። የበግ ጭንቅላት እሳት ላይ ሲለበለብ የሚሸት ነው። መስኮት ብከፍት ባሰ። በመስተዋት ወደ ኋላ ባይ ሦስት ውሾች ይከተሉኛል።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። እደጁ ስደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ሥጋ ያልቀመሰ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ጥሩነሽ ቀስ ብላ ቀረበች፣ ወደ ውስጥ አጎንብሳ አሸተተች፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ጭንቅላቱን ነው እግሩን ያመጣሽልን?»

ባና ነው አልኩ። አንዲት ሴት ከኋላ፣ ጀርመን ባናም ይበላሉ ማለት ነው አለች። ሳቁ ሲነሣ ሰንበቴዬ እዚያው እደጁ ላይ ቀረች ብዬ ቆረጥኩ።

የንስሐ አባቴ አባ ወልዴ ሕዝቡን ገለል አድርገው መጡና ክፈቺው አሉኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ። መስቀላቸውን ወደ ኋላቸው አድርገው አጎነበሱ፤ ጠርዙ የተለበለበውን ባና በጣታቸው ቆንጠር አድርገው አሸተቱ፤ ለጥሩነሽም ሰጧት፣ አሸተተች። በሽማግሌዎቹ እጅ እየዞረ ሁሉም አሸተተ። ባና መሆኑን የሚክድ ጠፋ። ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም፤ ይህን ሽታ ይዛ በጾም ደጀ ሰላም ድረስ የመጣችው ማን ናት የሚል ጥያቄ ተነሣ። አባ ወልዴ ጺማቸውን እያሻሹ አንዴ እኔን፣ አንዴ መኪናዋን አዩ።

«ሴትዮዋ ጾመኛ ናት፤ ትግባ» አሉ በመጨረሻ። «የገደፈችው መኪናዋ ናት። ቀኖና ሰጥቻታለሁ፤ እስከ ፋሲካ እዚህ ደጅ እንዳትደርስ።»

ከዚያ ወደ ጥሩነሽ ዞሩና፣ አንቺ ሙሴ ነሽ፣ እስከዚያ ድረስ ከቤቷ ደግፈሽ ታመጫታለሽ አሏት።

ይኸው ሰንበቴ ገባሁ። መኪናዬም ከደጄ ቆማ ፀሐይ ትሞቃለች። ከተማው ሁሉ ቀኖና የገባችው መኪናዋ ናት ይላል እንጂ፣ እሑድ እሑድ ያን ዳገት ሙሉ እኔን በክንዷ ተሸክማ የምታለከልከው ጥሩነሽ ናት።