ጋሼ ግጭት እና የቆመችው መኪና

በየሰፈሩ፣ አንድ ነገር ከሌላው ጋር በተላተመ ቁጥር ከባለቤቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። ለማንሳት እንዳይመስላችሁ፤ ለማስረዳት ነው። የእኛ ሰፈሩ ሰው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ከማስተማር ቢያርፉም ጠመኔው ከኮት ኪሳቸው አልወጣም። በሌሉበት «ክቡር ጋሼ ግጭት» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ብቻ ናቸው።

ንግግራቸው ሁሌም በአንድ ነገር ይጀምራል። «ሁለት ፍጹም ግትር አካላት እንውሰድ። አይጣመሙም፣ አይሰበሩም፣ ሰበቃ የለም።»

አንድ ቀን ሁለት ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ተጋጭተው የአንደኛዋ ሠላሳ እንቁላል ተበተነ። ጋሼ ግድግዳው ላይ ቀስት እየሳሉ እንቁላሎቹ ግትር ናቸው ብለን እንነሳ አሉ። ሴትዮዋ አስኳል ከእጇ እየተንጠባጠበ ተሰብረዋል እኮ ብትላቸው፣ እሱን ለጊዜው እንተወው አሏት። ፑል ቤት ገብተውም ኳሱ የት እንደሚሄድ ለተጫዋቾቹ ቀድመው እየነገሩ ጨዋታውን አፈረሱት። በመጨረሻ እንጨቱን ራሳቸው ሲቀበሉ ጉድጓድ የገባው ነጩ ኳስ ብቻ ነበር። ጥፋቱን በጠረጴዛው ሰበቃ አሳበቡ። ባለቤታቸው እንኳ ከተጋቡ ወዲህ አንድ ብርጭቆ ሰብራ በሰላም እንዳልጠረገች ትናገራለች።

እንዲህም ሆኖ በስሌት የሚደርስባቸው የለም። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ አንድ ስህተት ሳልሠራ ጡረታ ወጣሁ ይላሉ፤ ያስተማሯቸውም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

እኔ የዳቦ ቤት ቫን እነዳለሁ። አምና ሁለቴ ተቀጥቼ አንድ ጥፋት ብትጨመር መንጃ ፈቃዴ ሊነጠቅ፣ ሥራዬም አብሮ ሊሄድ ነበር። በዚህ መሀል ወደ ኋላ ስነዳ የቆመች መኪና ገጨሁ። የማን ብትሉ፣ የጋሼ። ትራፊኩ ሲመጣ ደግሞ የድሮ ተማሪያቸው ሆኖ ተገኘ። አለቀልኝ አልኩ።

ጋሼ አጎንብሰው አስፋልቱ ላይ ጻፉ። የቫኗ ፍጥነት፣ ዜሮ። የእሳቸው መኪና፣ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ያያል።

ትራፊኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና ቆማለች። ሹፌርም የላትም።»

«ቫኗ ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ የመጣችው የእኔዋ ናት።»

«ጋሼ፣ እንደሱ ካልንማ ዛፉም መጥቷል።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለው። የጋሼ ጆሮ ቀላ። ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተው፣ እኔ ባለንብረቱ ክስ የለኝም አሉ። ትራፊኩ አስፋልቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደብተሩን ዘጋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ጋሼ አረጁ፣ መደመርም ጠፋባቸው ይላል። ትናንት ሱቅ በር ላይ እሳቸው እየሰሙ እንዲሁ ሲቀለድ አንጀቴ አላስችል አለኝ። ለካ እኚህን ሰውዬ እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው። እውነቱን ላፈርጠው አፌን ስከፍት ክርኔን ያዝ አደረጉኝ።

«ተው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ልክ ነበርኩ፤ ይበቃኛል።»