ክንዴ ላይ ጉንዳን

[የክሊኒክ መቆያ ክፍል። ፀጉር አስተካካዩና ታላቅ ወንድሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ታላቁ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ የማያውቀው በሽታ የለም ባይ ስለሆነ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል።]

ሊቁ፦ «ጉንዳን ይሄድብኛል» እንዳትል ብያለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ፦ ታዲያ ሲሄድብኝ ምን ልበል፣ ጋሼ?

ሊቁ፦ «ይጠዘጥዘኛል» በል። ጉንዳን ካልክ ሐኪሙ ቤትህን መድኃኒት አስረጭ ብሎ ይመልስሃል።

ፀጉር አስተካካዩ፦ አይጠዘጥዘኝም እኮ። መጀመሪያ ጣቴ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ጉንዳኑ ክንዴ ላይ ይወጣል።

ሊቁ፦ የገዛ በሽታህን እንኳ በቅጡ አታውቀውም። ይሄ ነርቭ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፦ ኧረ እኔ አልተቆጣሁም።

ሊቁ፦ ቁጣ አላልኩህም። ነርቭ ማለት ሰውነትህ ውስጥ የተዘረጋ ሽቦ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፦ [እጁን እያገላበጠ] ሽቦ? ማን አስገባብኝ?

ሊቁ፦ አብሮህ የተወለደ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፦ እማዬ አልነገረችኝም።

ሊቁ፦ ስኳርም ሊሆን ይችላል።

ፀጉር አስተካካዩ፦ ስኳርማ እኔ ቤት ካለቀ ሰነበተ።

ሊቁ፦ የደም ስኳር ነው የምልህ። የጎረቤታችንን የአናጺውን ስኳር ማን ያወቀለት ይመስልሃል? ሐኪሙ የደረሰበት ከእኔ በኋላ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ጋሼ፣ እኔ የበሽታውን ስም አይደለም የፈለግኩት። ትናንት መቀሱ ከእጄ መውደቁን ያወቅኩት ወለሉ ላይ ሲንቃጨል ነው። ከዚያ በፊት የአንዱን ደንበኛ ጆሮ ነክቼበታለሁ። ሰውየው ግማሽ ፀጉሩን ይዞ ተነስቶ ሄደ። እጄ ከከዳኝ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ?

ሊቁ፦ [ወደ እሱ ጠጋ ብሎ] አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ። ጫማህን አውልቅ።

ፀጉር አስተካካዩ፦ የታመመው እጄ ነው።

ሊቁ፦ የነርቭ በሽታ የሚጀምረው ከእግር ነው። ሐኪሙ የሚያደርገውን ነው የማደርግልህ፤ እዚያ ስትገባ እንዳትደነግጥ። ዓይንህን ጨፍን፤ ስነካህ «አዎ» በል።

[በቁልፍ ጫፍ የእግሩን ጣት ይነካካዋል።]

ፀጉር አስተካካዩ፦ አዎ። አዎ። ኧረ ጋሼ፣ ይኮረኩራል።

ሊቁ፦ እግርህ ደህና ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፦ አልገባኝም። በራስህ አሳየኝ።

ሊቁ፦ አንተ ደግሞ ካላየህ አይገባህም። [ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ ይጨፍናል።] እንካ ቁልፉን።

[ከጫማው ውስጥ አንድ ብሎን ይወድቃል።]

ፀጉር አስተካካዩ፦ ጋሼ፣ ከጫማህ ብሎን ወደቀ።

ሊቁ፦ ከሱቅ ገብቶ ይሆናል። ጀምር።

ፀጉር አስተካካዩ፦ ጀምሬያለሁ።

ሊቁ፦ መቼ?

ፀጉር አስተካካዩ፦ አሁንም እየወጋሁህ ነው።

ሊቁ፦ አትፈር፤ ጠበቅ አድርገህ ንካ።

ፀጉር አስተካካዩ፦ ጋሼ፣ ዓይንህን ግለጥ። ካልሲህ ደም ነክቶታል።

[ሊቁ ይገልጣል። ብሎኑ ተረከዙን ልጦታል። እግሩን የሌላ ሰው እግር ይመስል ያየዋል።]

ሊቁ፦ ከቤት ጀምሮ ረግጬው ነው የመጣሁት?

ፀጉር አስተካካዩ፦ ዳገቱንም በእግራችን ነው የወጣነው። ደግሞ «ፈጠን በል» የምትለኝ አንተ ነበርክ።

[ነርሷ በሩን ከፍታ ታማሚው ማን እንደሆነ ትጠይቃለች።]

ሊቁ፦ [በልማድ] እሱ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፦ ሁለት ነን፣ እህቴ። አንዱ ገና አሁን ነው የተሰማው።

[ቆይተው ይወጣሉ። የፀጉር አስተካካዩ እጅ አንጓው ላይ ታስሯል፤ የሊቁ ተረከዝ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሊቁ ወንድሙን ተደግፎ ደረጃውን ይወርዳል።]

ሊቁ፦ ሐኪሙ አንተን «መቀስ አብዝተህ ነው፤ ካረፍክ ይሻልሃል» አለህ። እኔን ግን ስኳር። ያውም የቆየ።

ፀጉር አስተካካዩ፦ መድኃኒት አለው ብሏል እኮ። እግርህ ሳይብስበት መምጣትህ ደግ ነው ብሏል።

ሊቁ፦ መች ለራሴ መጣሁ፤ አንተን ላሳክም ነው የመጣሁት። [ፋሻውን አየት አድርጎ] ከእንግዲህ አንዱ «እግሬ ደነዘዘ» ብሎ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?

ፀጉር አስተካካዩ፦ ሐኪም ዘንድ ሂድ በለው።

ሊቁ፦ ይሄንንማ ማንም ያውቀዋል።

ፀጉር አስተካካዩ፦ ከአንተ በቀር፣ ጋሼ። በል ቀስ ብለህ ርገጥ።