አባ ዚፕ ሁለት ጌም ይዘው አንዱን የለቀቁበት ቅዳሜ

በሣልስ ዓመተ ዋይፋይ፣ ይኸውም ራውተሩ ከቁም ሣጥን ጀርባ ወጥቶ በቴሌቪዥኑ ራስጌ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሶፋ ሐዲስ፣ በዕለተ ቀዳሚት፣ ምሳ የበላ ሰው ሁሉ ዐይኑ በሚከብድበት ሰዓት፣ ሞአ ፈትል ዘእምነገደ መርፌ፣ ሥዩመ መቀስ፣ የተተረተረውን ገጣሚ፣ የጠበበውን አስፊ፣ አልዘጋ ያለውን ጃኬት በአንድ ትንፋሽ የሚዘጉት ልብስ ሰፊው አባ ዚፕ፣ ስልካቸውን በቀኝ፣ ታብሌታቸውን በግራ ይዘው በሁለት ጌም መካከል ተጨነቁ።

የጭንቀታቸውም ነገር እንዲህ ነው። በስልኩ ያለው የጦር ሜዳ ጌም ነበር፤ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሕዝብ በኢንተርኔት ገብቶ የሚታኮስበት፣ አባ ዚፕም ጨርቅ እየተኮሱ፣ ቁልፍ እየተከሉ፣ ደንበኛን «ነገ ይደርሳል» እያሉ በመሀል በመሀል ተዋግተው የወርቅ ንስር የተባለውን ማዕረግ የተቀዳጁበት፤ ንስሩንም ለሙሽራ ሱፍ ሲለኩ ሳይቀር ስልክ አውጥተው ያሳዩ ነበር። በታብሌቱ ያለው ግን የተረት ጌም ነው፤ ድሮ በጠረጴዛ ዙሪያ ይደረግ የነበረ፣ አሁን ወደ ስክሪን የገባ፤ አንዱ ተራኪ ሆኖ መንገዱን ይነግራል፣ ሌላው የሚያደርገውን ይናገራል፣ መሳካቱን ደግሞ በስክሪኑ የሚንከባለል ባለሃያ ገጽ ዳይስ ይፈርዳል። የዚህኛው የሙከራ ጊዜ በዚያች ቅዳሜ ያልቃል፤ የዚያኛውም ወርሃዊ ክፍያ በዚያችው ቅዳሜ ይታደሳል።

ወአሜሃ የቤቱ ገዢ፣ እርሳቸውም በመርፌ የሚኖሩት ነርሷ ባለቤታቸው፣ የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ በትከሻቸው ጥለው፣ በወጥ ቤቱ በር ቆመው፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስሙኝ! በዚህ ቤት አንድ ካርድ፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቅዳሜ ነው ያለው። ሁለት ጌም በየወሩ አልቀልብም። ዛሬ ሳይመሽ አንዱን ምረጥ። አንተ ካልመረጥክ እኔ እመርጣለሁ፤ እኔ ከመረጥኩ ደግሞ የሁለቱም ድራሻቸው ይጠፋል!» ይህን ብለውም ወደ ድስታቸው ተመለሱ፤ በሩን ግን አልዘጉትም።

የአባ ዚፕም ሠራዊት ይህ ነው፤ በቀኝ ክንፍ የቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤት አባ ብሎን፣ መፍቻቸውን ከኪሳቸው የማይለዩ፣ ወንበራቸውን ከቤታቸው ተሸክመው የሚመጡ፤ በመሀል አንገቱ በፕላስተር የተጠቀለለው ቻርጀር፤ በኋላ ደጀን ትራስ ይዛ የተኛችው ድመት፤ በግራ ክንፍ ደግሞ የአባ ዚፕ ታላቅ ወንድም፣ የከተማ አውቶብስ ሾፌሩ አባ ፍሬን። እኒህ አባ ፍሬን አባታቸው ሲያልፉ ታናሻቸውን ያሳደጉ፣ የመጀመሪያውን የስፌት መኪና የገዙላቸው ናቸው። ዳሩ ግን ሁለቱ ወንድማማቾች «ደህና ነህ?» «ደህና» ከተባባሉ በኋላ ሌላ ወሬ አልተሰጣቸውም ነበርና፣ ያገናኛቸው ክር በየቅዳሜው ተሰብስበው የሚዋጉበት ይህ የጦር ሜዳ ጌም ብቻ ነበረ።

ያም ክር ባለፈው ቅዳሜ ሊበጠስ ደረሰ። አባ ፍሬን ሾፌር ናቸውና የጦሩን ብረት ለበስ መኪና ይንዱ ተባለ፤ እርሳቸውም ስፖኪዮ ፈልገው፣ ፍሬቻ ፈልገው፣ ሁለቱንም አጥተው አዝነው፣ ጥይት እንደ ዝናብ እየወረደ በየመስቀለኛው ፍጥነት እየቀነሱ ሄዱ። በመንገዱ ዳር ግን አንድ ሰው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አዩ፤ ሰውየው ቦምብ ሊወረውር ነበር፤ አባ ፍሬን ግን ተሳፋሪ ነው ብለው አቆሙለት፣ በሩንም ከፈቱለት። ሠራዊቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጋየ። እርሳቸውም ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው እንደዘጉ፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ዘግተው ነው የሚቀመጡት፣ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ እንደሚወርድ ሰው፣ ተነሥተው አወጁ፦ «በቃ፣ እናንተን ማስጨረስ ሰለቸኝ። ለስንብት አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እኔን አትጠብቁ።»

ወእምድኅረዝ የስንብቱ ቅዳሜ ደረሰ፤ እርሷም የወጥ ቤቱ አዋጅ የወጣባት ያችው ቅዳሜ ናት። አባ ዚፕም የሙከራው ጊዜ ሳያልቅ ብለው ታብሌቱን በጠረጴዛው አቆሙ፤ ራሳቸውም ተራኪ ሆነው ነገሩ፦ «ወደ ዘንዶው ግንብ በጋሪ እየሄዳችሁ ነው። መንገዱ ዳር አንድ ግዙፍ ፍጡር፣ ዱላ ይዞ ቆሟል!» አባ ብሎን መፍቻቸውን መዘው አወጁ፦ «ምን ትጠብቃላችሁ? አናቱን በሉት!» አባ ፍሬን ግን እጃቸውን ዘርግተው፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ እንዲህ አሉ፦ «ቆይ! ዳር ላይ ቆሞ እኮ ነው፤ ከቆመም ስንት ሰዓት ሆኖታል። አቁሙለት! ጠጋ ጠጋ በሉለት፣ ዱላውን ከላይ ይጫን!»

ዳይሱም ተንከባለለ፤ ተንከባልሎም በሃያው ላይ ዐረፈ። አባ ዚፕ ይህን አላሰቡትምና አፋቸው ያመጣላቸውን ተናገሩ፤ ግዙፉ ሦስት መቶ ዓመት ያን መንገድ ሲጠብቅ አንድም ሰው ቆሞለት እንደማያውቅ፣ አልቅሶም ከኋላ እንደተቀመጠ፣ የዘንዶው ግንብ ቁልፍም በአንገቱ እንዳለ። አባ ብሎን «እግሩን ሰብሰብ ያድርግ፣ እኔ መቀመጫ አጣሁ!» ብለው አወጁ። ከወጥ ቤቱም አዋጅ ወጣ፦ «ምን ይሰበስባል? ሦስት መቶ ዓመት የቆመ እግር አብጧል! ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡለት፣ እናንተ ጨካኞች!»

ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ተሰማ። ሌላው ሰው አላስተዋለውም፤ ዕድሜያቸውን ከዚያ ድምፅ ጋር የኖሩት አባ ዚፕ ግን አስተዋሉት። አባ ፍሬን የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ ታች ከፍተው፣ አውልቀው፣ በወንበሩ ጀርባ ሰቅለው፣ ግዙፉ የት እንደሚወርድ ይጠይቁ ነበር።

አባ ዚፕም ስልካቸውን አነሡ። የወርቅ ንስሩ ክንፉን ዘርግቶ አያቸው። ከዚያም «ክፍያው ይቋረጥ» የሚለውን ተጫኑ፤ ጌሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሲለማመጣቸውም ደግመው ተጫኑ፤ ንስሩም ጠፋ።

ስለዚህ ክብር ለአባ ዚፕ፣ ዝና ሽሽት ሳይሆን ወንድም ፍለጋ ማዕረጋቸውን ላወለቁ፤ ክብር ለአባ ፍሬን፣ ለጠላትም ለወዳጅም እኩል ፍሬን ለሚይዙ፤ ክብር ለአባ ብሎን፣ እግራቸው በግዙፉ ስር ደንዝዞ ለታገሡ፤ ክብር ለእመቤቲቱ፣ አንዱን ምረጥ ብለው በተመረጠው ውስጥ ለራሳቸው ወንበር ስበው ለተቀመጡ። አራቱም በአንድ ጋሪ ነጎዱ፤ ዘንዶውን ግን በዚያ ቀን አልደረሱበትም፣ አባ ፍሬን በየፌርማታው ያቆሙ ነበርና፤ ጃኬቱም በወንበሩ ጀርባ ተረስቶ አደረ።