ወደ ጊሸን በስብሰባ

ስብሰባ እግር ቢኖረው ኖሮ እኛ ስንቴ ጊሸን ማርያም ደርሰን በተመለስን!

ጎረቤቴ አያ ደምሌ ስብሰባ መምራት የለመዱት ከገበሬ ማኅበሩ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የጉዞው ሊቀመንበር ሆነው ይሰበስቡናል። «አጀንዳ አንድ፦ በየት በኩል እንሂድ?» በኩልመስክ ነው በፍላቂት ስንከራከር ይመሻል። እኔማ ለሁለቱም እጄን አወጣለሁ። ሲርበን ለመንገድ የተዘጋጀውን በሶ በጥብጠን እንጠጣለን። በሶው ሲያልቅ በዓሉም ያልፋል፤ «ለከርሞ ያድርሰን» ብለን እንበተናለን።

ዘንድሮም አያ ደምሌ ሚስታቸውን ተጣሩ። «ውድነሽ፣ በሶውን አምጪው እንጂ!»

ጓዳ ብንገባ ስንቁም እትዬ ውድነሽም የሉም። ቁልቁል ስናይ የበሶውን አኩማዳ አንግተው ወንዙን ተሻግረዋል።

አያ ደምሌ ከዘራቸውን አንስተው ብድግ አሉ። «ተነሱ፣ እንሂድ!»

«በየት በኩል፣ አያ?» አልኳቸው።

«በሶው በሄደበት!»